ሁለት ኩባንያዎች ሲዋሐዱ ተራው የማን ነው?

የልደታ ሰው ሰፈሩን እስከ ዛሬ “አሮጌው ኤርፖርት” እያለ ይጠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው ከዚሁ የልደታ ሜዳ ነበር። ድርጅቱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሦስት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲ-47 በምትባል የጦርነት ዘመን አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ሥራ አስኪያጁም ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። የላካቸው በዚያ ዘመን ከዓለም ታላላቅ አየር መንገዶች አንዱ የነበረውና በኋላ ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ፣ ባጭሩ ቲ.ደብሊዩ.ኤ. የተባለው ኩባንያ ነው።

ጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታ መንደርደሪያ አጠረና ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከቲ.ደብሊዩ.ኤ. ጋር የነበረው የአስተዳደር ውልም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አበቃ። ተማሪው በራሱ ክንፍ መብረር ቀጠለ። አስተማሪው ግን ከዚያ በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ብቻ ኖረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ንብረቱን አሜሪካን ኤርላይንስ ወሰደው።

ነጋዴውን ሊያስተምር የሚገባው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አውሮፕላኑ፣ መሥመሩና ሕንፃው ያለ ብዙ ጣጣ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ተሻገረ። ያልተሻገረው አንድ ነገር የአብራሪዎቹ ተራ ነበር። በዚያ ተራ የተነሳ የተጀመረው ሙግት ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ፤ የአሜሪካን ሕግ አስለወጠ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላርም በላ። ዛሬ በአዲስ አበባ ስለ ባንኮችና ስለ ኩባንያዎች ውሕደት በሚወራበት ጊዜ ታሪኩን መለስ ብሎ ማየት ለባለአክሲዮኑም ለሠራተኛውም ይጠቅማል።

ተራ እንደ ሀብት

በብዙ የዓለም አየር መንገዶች፣ በተለይም የአብራሪዎች ማኅበር በጠነከረባቸው አገሮች፣ እያንዳንዱ አብራሪ አንድ ቁጥር አለው። የተቀጠረበትን ቀን ተከትሎ የሚሰጠው የቅድሚያ ቁጥር ነው። ረዳት አብራሪው መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ትልቁን አውሮፕላን ማን እንደሚይዝ፣ ማን የት ከተማ እንደሚመደብ፣ ለበዓል ማን ቤቱ እንደሚውል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝም ማን ቀድሞ እንደሚቀነስ የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው። ሁለት አብራሪዎች በችሎታ እኩል ሆነው አንዱ የሌላውን እጥፍ ደመወዝ ቢያገኝ ልዩነቱን ያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ እንደ ቤት አይሸጥም፤ እንደ አክሲዮን አይተላለፍም። ኩባንያ የለወጠ አብራሪ 20 ዓመት አብርሮም ቢሆን በአዲሱ ቤት ከመጨረሻው ቁጥር ይጀምራል። ስለዚህ አብራሪ በወጣትነቱ አነስተኛ ደመወዝ እየተቀበለ ለቁጥሩ መውረድ ይሠራል። በኢኮኖሚ ቋንቋ ይህ ለወደፊት የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ የሚቀመጠው ግን ባንክ ቤት ሳይሆን አሠሪው ዘንድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ዕቁብን ማሰብ ይበቃል። 20 አባላት ያሉት ዕቁብ በየወሩ ከያንዳንዱ 1 ሺህ ብር እየሰበሰበ 15 ዙር ሄዷል እንበል። ያልደረሳቸው 5 ሰዎች ቀርተዋል፤ እያንዳንዳቸውም 15 ሺህ ብር ከፍለዋል። አጠገባቸው ሌላ 20 አባላት ያሉት ዕቁብ ዛሬ ይጀመራል። ሁለቱ ዕቁቦች እንቀላቀል ቢሉ የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ይውጣ? አምስቱ “ስንጠብቅ ኖረናል፤ ቅድሚያው የኛ ነው” ይላሉ። አዲሶቹ ደግሞ “የናንተ ሰብሳቢ ገንዘባችሁን ጨርሶታል፤ ባንቀላቀል ኖሮ ምንም አታገኙም ነበር፤ ስለዚህ ከኋላ ተሰለፉ” ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የአብራሪዎች ጠብ ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

የልደታ አስተማሪ ዕጣ

የቲ.ደብሊዩ.ኤ. አብራሪዎች ወደ 2 ሺህ 300 ይጠጉ ነበር። ኩባንያቸው በኪሳራ ደጃፍ ላይ ስለነበር ገዢው ከመግዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ አነሳ፤ ይኸውም በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ የነበረውንና በውሕደት ጊዜ ተራቸው በፍትሐዊ መንገድ እንዲቀላቀል፣ ካልሆነም በገላጋይ እንዲወሰን የሚያስገድደውን አንቀጽ እንዲተው ነው። ሽያጩ እንዳይፈርስ ብለው ተዉት። ከዚያ በኋላ በእጃቸው የቀረው የገዢው በጎ ፈቃድና የአሜሪካን አብራሪዎች ማኅበር ርኅራኄ ብቻ ሆነ።

ርኅራኄው ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ በወጣው የተቀላቀለ ዝርዝር ከቲ.ደብሊዩ.ኤ. አብራሪዎች ግማሽ ያህሉ ከአሜሪካን አብራሪዎች ሁሉ በታች ተሰለፉ። ከአሥር ዓመት በላይ ያበረረ ሰው ትናንት ከተቀጠረ ወጣት በታች ሆነ። የበረራ አስተናጋጆቹ ዕጣ ደግሞ የባሰ ነበር፤ የአገልግሎት ዘመናቸው ምንም ያህል ቢረዝም በሙሉ ከዝርዝሩ ግርጌ ተጣሉ።

የሰው ተራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚታወቀው ገበያ ሲወድቅ ነው። ከመስከረም 2001ዱ የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በኋላ መንገደኛ ጠፋ፤ አሜሪካን ኤርላይንስ ሠራተኛ መቀነስ ጀመረ። ቅነሳው ከግርጌ ስለሚጀምር ቀድመው የወጡት የቀድሞ የቲ.ደብሊዩ.ኤ. ሰዎች ሆኑ። የግዢው ማስታወቂያ ሲነገር “ሥራችሁ ተረፈ” የተባሉት ሠራተኞች ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ቤታቸው ገቡ።

አብራሪዎቹ የከሰሱት ገዢውን ሳይሆን የራሳቸውን ማኅበር ነበር። መብታችንን ስንተው ማኅበራችን በቅንነት አልወከለንም ብለው ለፍርድ ቤት አመለከቱ። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፈተ፤ ጁሪው ማኅበሩን ጥፋተኛ ያለው በ2011 ነው። ጉዳዩ በ2014 በ53 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ገንዘቡ ለ2 ሺህ 300 ሰው ቢካፈል ከጠበቃ ወጪ በፊት ለያንዳንዱ 23 ሺህ ዶላር ያህል ይደርሳል፤ ይህ ለአንድ የትልቅ አውሮፕላን ካፒቴን የጥቂት ወራት ደመወዝ ነው። ከ12 ዓመት ሙግት በኋላ የተገኘው ይኸው ነው።

ሆኖም ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም። የቲ.ደብሊዩ.ኤ. ዋና ማዕከል የነበረችበት የሚዙሪ ግዛት ሁለት ሴናተሮች፣ ክሌር ማካስኪልና ኪት ቦንድ፣ ያቀረቡት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ሕግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሐዱ የሠራተኞች ዝርዝር “ፍትሐዊና ሚዛናዊ” በሆነ መንገድ መቀላቀል ግዴታ ነው፤ ካልተስማሙም ገላጋይ ይወስናል።

አንድ ኩባንያ፣ ሁለት መዝገብ

ገላጋይ መኖሩ ብቻውን ግን ጠቡን አያበርደውም። ዩ.ኤስ. ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት የተባሉት አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ተዋሐዱ። የመጀመሪያው አሮጌና ትልቅ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ የኪሳራ ማመልከቻ አቅርቧል። ዕድገት ቆሞበት ስለነበር ከ15 ዓመት በላይ ያበረሩ ሰዎች ገና በረዳትነት ተቀምጠው ነበር፤ ከሥራ ታግደው የሚጠብቁትም ብዙ ነበሩ። ሁለተኛው ወጣት ኩባንያ ነው፤ በፍጥነት ስላደገ ጥቂት ዓመት የሠራ ሁሉ ካፒቴን ይሆንበት ነበር።

የአሮጌው አብራሪዎች “በተቀጠርንበት ቀን እንሰለፍ” አሉ። የወጣቱ ደግሞ “እኛ ባንመጣ ኖሮ ኩባንያችሁ ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ በያዝነው ሥራ እንሰለፍ” አሉ። ጆርጅ ኒኮላው የተባሉት የግልግል ዳኛ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 ውሳኔ ሰጡ። ከአሮጌው ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን 517 አብራሪዎች ከላይ አስቀመጡ፤ መሐለኛውን በመጠን አቀላቀሉ፤ ታግደው የነበሩትን ከታች አደረጉ። በዚህ መሠረት ከአሮጌው ቤት ብዙ ዓመት ያገለገለ አብራሪ ከወጣቱ ቤት በወራት ከሚቆጠር ቅጥር በታች የዋለበት ሁኔታ ተፈጠረ።

በቁጥር የሚበልጡት የአሮጌው ቤት ሰዎች ውሳኔውን አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀድሞውን ማኅበር በድምፅ ጥለው አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። ውጤቱ ግን ለማንም አልበጀም። ኩባንያው አንድ ስም፣ አንድ ቀለምና አንድ አክሲዮን ይዞ ሁለት የአብራሪ መዝገብ፣ ሁለት የኅብረት ስምምነትና ሁለት የደመወዝ ስኬል ተሸከመ። የምሥራቁ አብራሪ የምዕራቡን አውሮፕላን አያበርም፤ የምዕራቡም እንዲሁ። ውሳኔውን የተቃወሙት ራሳቸው በኪሳራው ጊዜ በተቆረጠው ዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ለዓመታት ቆዩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ተዋሐደ፤ ክርክሩ በ2015 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ ማኅበሩ በምዕራቡ አብራሪዎች ተረታ፤ አንድ ወጥ ዝርዝር የወጣው በመስከረም 2016 ነበር። ከመጀመሪያው ውሕደት ሲቆጠር 11 ዓመት መሆኑ ነው።

ሕንድም ከዚህ ጣጣ አላመለጠችም። በመንግሥት የተያዙት ኤር ኢንዲያና ኢንዲያን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ2007 በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ አዲሱ ቦይንግ 787 ሊገባ ሲል፣ ሥልጠናውን ማን ይውሰድ የሚለው ጥያቄ ፈነዳ። የቀድሞዎቹ የኤር ኢንዲያ አብራሪዎች ለሌላኛው ቤት አብራሪዎች መሰጠቱን ተቃውመው እ.ኤ.አ. ከግንቦት እስከ ሐምሌ 2012 ድረስ 58 ቀን ሥራ አቆሙ። አዲስ አበባ በዚያው ክረምት የራሷን የመጀመሪያ 787 ተቀብላ ሥራ ስታስጀምር የሕንዱ ቤት በሥልጠና ተራ ይታመስ ነበር።

በሌላ በኩል ዴልታና ኖርዝዌስት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲዋሐዱ ነገሩ በወራት ውስጥ አለቀ። ልዩነቱ አንድ ነው። ዴልታ ከውሕደቱ በፊት ከአብራሪዎቹ ጋር ተነጋገረ፤ የአክሲዮን ድርሻ አቀረበላቸው፤ የጋራ የኅብረት ስምምነት አስቀደመ፤ የተራውን ጉዳይ በቀጠሮ ለገላጋይ አስረከበ። ዝርዝሩ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወጣ።

ጉዳዩ ወደ ቤት ሲመጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎችን በውሕደት ከራሱ ዝርዝር ጋር የመቀላቀል ፈተና አልገጠመውም። በአፍሪካ የተስፋፋበት መንገድ ሌላ ነው። በሎሜ የተቀመጠውን አስካይን ሲያቋቁም፣ በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ ኤርዌይስ 45 በመቶ ድርሻ ሲይዝ፣ ኩባንያዎቹ በራሳቸው ስምና በራሳቸው ሠራተኛ እንዲቆሙ አድርጓል። ይህ ስልት ከሚሰጠው የገበያ ጥቅም ባሻገር የተራን ጠብ ከደጃፍ ያስቀራል።

በአገር ውስጥ ግን ውሕደት አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተዋሕዶ በአንድ ግሩፕ ሥር ገባ። ኤርፖርቶች አብራሪ የላቸውምና የበረራው ዝርዝር አልተነካም፤ የሒሳብ፣ የግዢ፣ የጥበቃና የአስተዳደር ሠራተኛው ግን የሁለት ቤት ልማድ ይዞ በአንድ መዋቅር ውስጥ መግባት ነበረበት። በባንኩ ዘርፍ ደግሞ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር መዋሐዱ ይታወሳል።

ከሁሉም በላይ ገበያውን የሚያነጋግረው የግሉ ባንክ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንክ ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አለ፤ ነባሮቹ ባንኮች የሚያሟሉበት ቀነ ገደብም ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። በእነዚህ ሁለት ግፊቶች መካከል ለቆሙ አነስተኛ ባንኮች ውሕደት አንዱ አማራጭ መሆኑ አያጠያይቅም።

እዚህ ላይ የአሜሪካው ታሪክ በአማርኛ ይደገማል። አንድ ነባር ባንክ አለ እንበል፤ ዕድገቱ ቀስ ያለ ነው፤ 12 ዓመት ያገለገለው ሠራተኛ የክፍል ኃላፊ ነው። አጠገቡ አዲስ ባንክ አለ፤ በየወሩ ቅርንጫፍ ሲከፍት ስለቆየ 5 ዓመት የሠራው ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ሁለቱ ቢዋሐዱ ልደታ ላይ ፊት ለፊት የተከፈቱት ሁለት ቅርንጫፎች አንድ ይሆናሉ፤ ወንበሩም አንድ ይሆናል። ዓመት የቆጠረው ይቀመጥ ወይስ ወንበሩን የያዘው? ጥያቄው ኒኮላው ፊት ከቀረበው በምንም አይለይም።

ሕጉ የት ድረስ ይሄዳል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 16 የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማይለውጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 23 ደግሞ ይኸው ምክንያት ውሉን እንደማያቋርጥ ይናገራል። ስለዚህ የሠራተኛው ደመወዝም ሆነ የአገልግሎት ዘመኑ ከአዲሱ ባለቤት ጋር ይቀጥላል። በዓመት ፈቃድ ላይ በየሁለት ዓመቱ የሚጨመረው ቀንም ሆነ ለሥራ ስንብት ክፍያ የሚታሰበው ዘመን ከዜሮ አይጀምርም።

ይህ ከቲ.ደብሊዩ.ኤ. ሰዎች ዕጣ የተሻለ ጥበቃ ይመስላል፤ በአንድ በኩልም ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው የሠራተኛውን ዓመት እንጂ ከሌሎች ጋር ሲነፃፀር ያለውን ቦታ አይደለም። 15 ዓመቱ የትም አይሄድም፤ በቀድሞ ቤቱ ለዕድገት አምስተኛ ሆኖ ይጠብቅ የነበረው ሰው ግን በተቀላቀለው ቤት ሃምሳኛ ሊሆን ይችላል። ደመወዙ ሳይነካ ተስፋው ተነካ ማለት ነው። የዕድገት ሥርዓት በአብዛኛው የሚገኘው በኅብረት ስምምነትና በሥራ ደንብ ውስጥ ነው፤ ሁለት ድርጅት ሲዋሐድ ደግሞ ሁለት ስምምነትና ሁለት ደንብ በእጅ ይኖራል።

ቅነሳ ቢመጣ አንቀጽ 29 መጀመሪያ የሚመለከተው ችሎታንና የምርታማነት ብልጫን ነው። በዚህ እኩል የሆኑ ሰዎች ሲገኙ አነስተኛ አገልግሎት ያለው ቀድሞ ይቀነሳል። እዚህ ላይ የዓመት ቆጠራ ወሳኝ ይሆናል፤ በአዲሱ ባንክ ያሉት ወጣት ሥራ አስኪያጆች የሚሰጉት ይህን ነው። ነባሮቹ ደግሞ “ችሎታ” የሚለው ቃል በገዢው ቤት ሚዛን ብቻ እንዳይለካ ይሰጋሉ።

ክርክሩ የት እንደሚታይም ማወቅ ይጠቅማል። ከሥራ ተሰናበትኩ፣ ክፍያ ቀረብኝ የሚል የግል የሥራ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፤ የአዲስ አበባ ሰው “ልደታ ቀጠሮ አለኝ” ሲል ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት ማለቱ ነው። የዕድገት አሰጣጥ ሥርዓትን፣ የኅብረት ስምምነት ትርጉምን ወይም የሠራተኞችን ሁሉ ጥቅም የሚነካ ጉዳይ ግን የወል የሥራ ክርክር ነው፤ መንገዱም በአስማሚና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ በኩል ነው። በተራ ምክንያት የሚነሳ ጠብ አብዛኛው ከዚህኛው ወገን ይወድቃል። በር ተሳስቶ የገባ ወገን ክርክሩን ሳይጀምር ጊዜውን ያጣል።

ለባለአክሲዮን ሒሳቡ

የውሕደት ድርድር ሲደረግ የሁለቱ ወገን ሒሳብ አዋቂዎች ሕንፃ ይቆጥራሉ፤ የተበላሸ ብድር ይለያሉ፤ የአክሲዮን ልውውጥ ምጣኔ ያወጣሉ። የሠራተኛው ተራ በዚህ ሒሳብ ላይ አይታይም፤ በማንኛውም የሒሳብ መግለጫ ላይ “የተጠበቀ ዕድገት” የሚል ዕዳ ተመዝግቦ አያውቅም። ይሁንና ዩ.ኤስ. ኤርዌይስ ላይ እንደታየው ውሕደቱ ያስገኛል የተባለው ቁጠባ በሁለት መዝገብ መሐል ሊጠፋ ይችላል። ቅርንጫፍ ተቀላቅሎ ሰው ካልተቀላቀለ የተቆጠበው ኪራይ እንጂ ወጪ አይደለም።

ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤ እጁን ለውሕደት የሚያነሳ ባለአክሲዮን ቢያንስ ሦስት ነገር ቢጠይቅ አይከፋም። አንደኛ፣ የሁለቱ ባንኮች የሥራ ደረጃና ደመወዝ በምን ቀመር ይገናኛል? ሁለተኛ፣ ዕድገትና ቅነሳ ሲመጣ ዓመት ነው ወይስ ወንበር የሚቀድመው፣ ይህስ የተጻፈው የት ነው? ሦስተኛ፣ ካልተስማሙ የሚገላግል ማን ነው፣ በስንት ቀን? መልሱ ከፊርማው በፊት ከተገኘ የዴልታ መንገድ ነው። ከፊርማው በኋላ ከተፈለገ ደግሞ የሌሎቹ።

ሠራተኛውም የሚማረው አለ። የቲ.ደብሊዩ.ኤ. አብራሪዎች የተሸነፉት ዝርዝሩ የወጣ ዕለት ሳይሆን አንቀጹን የተዉ ዕለት ነበር። ድርድር ያለው ገዢው ፊርማ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ፊርማው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ በ12 ዓመቱ የጥቂት ወር ደመወዝ ይዞ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሲሆኑ አየር መንገዱ በልደታ ነበር፤ ሲያስተምሩ የነበሩት አሜሪካውያንም ወንበሩን የለቀቁት በውልና በጊዜ ገደብ ነበር። ውሉ ኢትዮጵያውያን እየሠለጠኑ እንዲተኩ ከመነሻው ያስቀመጠ ስለነበር ተራው ሲደርስ ጠብ አልተነሳም። ይህን ሥርዓት በልደታ የተከለው ኩባንያ በመጨረሻ ዘመኑ የራሱን ሰዎች ያለ ውል ለገዢ ማስረከቡ ያሳዝናል። ለመዋሐድ የሚሰናዱ የአዲስ አበባ ኩባንያዎች ከሁለቱ የቱን እንደሚከተሉ የሚታየው በጋዜጣ በሚያወጡት የደስታ መግለጫ አይደለም፤ ከመግለጫው በፊት በሚጽፉት አንቀጽ ነው።